ማንም ያላጠመደው 65 ኪሎ ዓሣ

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር 65,476 ግራም ይላል። ከጎኑ የአባል ቁጥር 17 ተጽፏል። ቀጥሎ የሚከፈለው ሂሳብ አለ፦ 15,714 ብር ከ24 ሳንቲም። ያን ጠዋት በ17 ቁጥር የገባው ዓሣ ግን 11 ኪሎ ምናምን ነው። አብዛኛው ቆሮሶ፣ ጥቂት አምባዛ። እሱም ከሥር ባለው መስመር 11,320 ግራም ተብሎ ሰፍሯል። ከላይ ያለውን 65 ኪሎ ማንም አላጠመደውም።

ጉዳዩ የተፈጠረው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የዓሣ መረከቢያ ነው። ሚዛኑን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የጻፍኩትም እኔው። በዚህ ቁጥር ምክንያት ምንም ያላጠፋ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ተጠርጥሯል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጽፈው የወሰንኩትም ለዚህ ነው።

ሚዛኑ

መረከቢያው የሚደራው ጠዋት ነው። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩት በሞተር ጀልባም በደንገል ታንኳም ይመጣሉ። ፔሊካኖቹም አብረው ይደርሳሉ፤ ዓሣው ሲበለት የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ዓሣው በፕላስቲክ ሳጥን ሆኖ ይመዘናል፣ በአባል ቁጥር ይመዘገባል፣ ክፍያው በሳምንት አንዴ ነው። ድሮ የነበረው ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። ቀስቱ ይወዛወዛል። አንዱ አራት ተኩል ነው ሲል ሌላው አምስት ሞልቷል ይላል። ጾም ሲገባ ፈላጊው ስለሚበዛ ጭቅጭቁም ይበዛል። “ቁጥሩን ለሁላችንም የሚያሳይ፣ ሂሳቡንም ራሱ የሚያወጣ ነገር ሥራልን” አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ዕቃው ቀላል ነው። ከሥር ክብደት ሲያርፍበት በጥቂቱ የሚለመጥ ብረት አለ፤ ሎድ ሴል ይሉታል። የሱን ደካማ ምልክት ኤችኤክስ 711 የምትባል ትንሽ ቺፕ አጉልታ ወደ ቁጥር ትቀይራለች። ቁጥሩን የሚቀበለው አርዱዊኖ ኡኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። አርዱዊኖው ላይ ያለው ፕሮሰሰር ኤቲሜጋ 328ፒ ይባላል። 8 ቢት ነው (ቢት 0 ወይም 1 የምትይዝ ትንሿ ቦታ ናት)፤ የሥራ ሜሞሪው 2 ኪሎባይት ብቻ። ከላይ ስክሪን፣ ከጎን የቁጥር ቁልፎችና ትንሽ ማተሚያ ጨመርኩበት። ሚዛኑ እስከ 30 ኪሎ ይችላል።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ዋናው ሂሳብ ሁለት መስመር አይሞላም። ከጠቅላላው ክብደት ላይ የሳጥኑ ይቀነሳል፤ የቀረው በዕለቱ ዋጋ ይባዛል። እዚህች ትንሽ ሂሳብ ውስጥ ነው ሁሉም ነገር የሆነው።

መጀመሪያ ታይፕ ምን እንደሆነ ልናገር። ገበያ ሄዳችሁ “ሦስት ቁና ጤፍና ሁለት ኪሎ ቅቤ ሲደመር ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴዋ “አምስት” አትላችሁም። “ስንት ምን?” ነው የምትላችሁ። ኮምፓይለርም እንደዚያው ነው። ኮምፓይለር የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ከመቀየሩ በፊት ግን እያንዳንዱን ቁጥርና ጽሑፍ “አንተ ምንድን ነህ?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ታይፑ ነው።

አንዳንድ ነገር ላይ ፍንክች አይልም። ስክሪኑን ስሠራ አንድ ቀን ግራም በሚገባበት ቦታ የአባሉን ስም አስገባሁ። ኮምፓይለሩ ወዲያው ቆመ። ጽሑፍን ወደ ቁጥር አልቀይርም አለ፤ መስመሩንም ጠቆመኝ። በቁጥርና በቁጥር መካከል ግን እጁ ልል ነው። ታይፓቸው የተለያየ ሁለት ቁጥሮች ሲገናኙ አንዱን ወደ ሌላው ራሱ ይቀይራል። አይጠይቅም። ኢምፕሊሲት ኮአርሽን የሚባለው ይህ ነው። አማርኛው “ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት” ይለዋል። ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ያለሱ እያንዳንዷን መስመር በቅየራ መሙላት ነበረብን። ለምሳሌ ሂሳቡን በ1,000 ሳካፍል 1,000 ኢንት የሚባለው ጠባብ የቁጥር ታይፕ ነው፣ ሂሳቡ ሎንግ የሚባለው ሰፊው ነው። ኮምፓይለሩ 1,000ን አስፍቶ አካፈለልኝ። ምንም አልጠፋም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ታይፖቹን የመረጥኩት አስቤ ነው። በ2 ኪሎባይት ሜሞሪ ስትሠራ እያንዳንዷ ባይት ታሳሳለች። የተጣራውን ክብደት ኢንት አልኩት። ኡኖ ላይ ኢንት 16 ቢት ነው፤ ከ-32,768 እስከ 32,767 ይይዛል። ሚዛኑ ከ30,000 ግራም ስለማያልፍ ይበቃል። የሳጥኑ ክብደት ሲቀነስ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላልና ነጌቲቭ መያዝ አለበት። የሚከፈልበትን ግራም ግን አንሳይንድ ኢንት አደረግኩት። አንሳይንድ የሚባለው የመቀነስ ምልክት የማይዘው ቁጥር ነው፤ ከ0 እስከ 65,535 ይሄዳል። ክፍያ ከዜሮ በታች አይሆንም ብዬ ነው። ዋጋውን ኢንት አልኩት፤ ያን ሰሞን በኪሎ 240 ብር ነበር። ሂሳቡ ትልቅ ስለሚሆን 32 ቢት ሰጠሁት፤ አንሳይንድ ሎንግ፣ ከ4 ቢሊዮን በላይ የሚይዝ። አሁንም ብጠየቅ ለእያንዳንዱ ምክንያት አለኝ። ችግሩ የገባው አንዱ ከሌላው በሚገናኝበት ቦታ ነው።

“ኪሎው ልክ ነው፤ ብሩ ነው የጠፋው”

ሥራ በጀመርንበት ጠዋት የመጀመሪያው ሰው 4 ኪሎ ከ600 አስመዘነ። ስክሪኑ ላይ 55 ብር ከ42 ሳንቲም ወጣ። መሆን የነበረበት 1,104 ብር ነው። ቀጥለው የመጡት ሁሉም “አያ” የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። 9 ኪሎ ከ200። ለእሳቸው 45 ብር ከ31 ሳንቲም አለ።

“ልጄ፣ እኔ የእሱን እጥፍ ነው ያመጣሁት። እንዴት ከእሱ ያነሰ ይወጣልኛል?”

“አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለዛሬ በድሮው ሚዛን ይመዘንልዎ።”

“ሚዛኑንማ አየሁት። ኪሎው ልክ ነው፤ ብሩ ነው የጠፋው።”

ይህ ንግግራቸው ነው ስህተቱን እንዳገኘው መንገድ ያሳየኝ። ኪሎው ልክ ከሆነ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ የሳጥኑ ቅነሳም ጤነኛ ነው። የቀረችው ማባዣዋ መስመር ናት፦

ሂሳብ = ግራም × ዋጋ

ስጽፋት የመሰለኝ እንዲህ ነው። ሂሳብ 32 ቢት ነው፤ እንግዲህ ማባዛቱም በ32 ቢት ይሠራል። ኮምፓይለሩ እንደዚያ አያነብም።

ኮምፓይለሩ መስመሯን ወደ ዛፍ ይቀይራታል። አናቱ ላይ የእኩል ምልክቱ አለ። ከሥሩ ማባዣው። ከማባዣው ሥር ሁለት ቅጠሎች፤ ግራምና ዋጋ። ታይፕ የሚሰጠው ከቅጠል ተጀምሮ ወደ አናት ነው። ግራም ምንድን ነው? 16 ቢት አንሳይንድ። ዋጋስ? 16 ቢት ኢንት። ይለያያሉ። ስፋታቸው እኩል ሆኖ አንዱ ምልክት ያለው፣ ሌላው የሌለው ሲሆን ምልክት የሌለው ያሸንፋል፤ የሲም የሲ ፕላስ ፕላስም ሕግ ነው። ስለዚህ ዋጋ ወደ አንሳይንድ ተቀየረ። ሁለቱ 16 ቢት አንሳይንድ ከሆኑ የማባዣውም ውጤት 16 ቢት አንሳይንድ ነው። ከ65,535 በላይ አይችልም። ቁጥሩ የተቆረጠው እዚህ ነው። ኮምፓይለሩ ወደ አናት ወጥቶ መድረሻው 32 ቢት መሆኑን ሲያይ ውጤቱን አሰፋው። የተቆረጠው ግን በማስፋት አይመለስም።

በእጅ እንሥራው። ቁጥሩ ከ65,535 ሲያልፍ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ አንድ ዙር 65,536 ነው። 4,600 ሲባዛ በ240፣ 1,104,000 ነው። 65,536 በውስጡ 16 ጊዜ ይገባል፤ 1,048,576 ማለት ነው። የሚተርፈው 55,424 ነው። በ1,000 ሲካፈል 55 ብር ከ42 ሳንቲም። የአያ ደግሞ 2,208,000 ነበር። 33 ጊዜ ገብቶለት 45,312 ተረፈ። ብዙ ያመጡት እሳቸው ያነሰ የወጣላቸው ለዚህ ነው። ቁጥሩ እንደ ሰዓት ቀስት ዞሮ ዞሮ የቆመበት ቦታ ከዓሣው ብዛት ጋር አይገናኝም።

ታዲያ ሳልሞክረው ነው ወይ ያመጣሁት? ሞክሬዋለሁ። ይህን ክፍል የጻፍኩት ላፕቶፔ ላይ ነው፤ እዚያ በትልልቅ ቁጥር ሁሉ ፈትኜዋለሁ። ሁሉም ልክ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ግን ኢንት 32 ቢት ነው። የቋንቋው ስታንዳርድ ኢንት ቢያንስ 16 ቢት ይሁን ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለየማሽኑ ትቶታል። ያው ኮድ፣ ያው ቃል፣ ሁለት ማሽን ላይ ሁለት ትርጉም። ሚዛኑ ላይ ደግሞ የሞከርኩት ቤት የነበረ ሩብ ኪሎ የዘጌ ቡና አስቀምጬ ነው። 250 ሲባዛ በ240፣ 60,000። ከ65,535 በታች ነው። 60 ብር አለ፤ ልክ ነው። በዚያ ዋጋ ልክ የሚያወጣው እስከ 273 ግራም ብቻ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው። ቡናው በ23 ግራም አመለጠኝ።

ማታ ክላንግ የተባለውን ኮምፓይለር ለኡኖ ፕሮሰሰር እንደሚሠራ አድርጌ ዛፉን እንዲያትምልኝ አዘዝኩት። ይህን ማየት ለማንም ፕሮግራም ጸሐፊ እመክራለሁ። እኔ የጻፍኩት መስመር ውስጥ እኔ ያልጻፍኳቸው ነገሮች አሉ። ታይፕ የሚቀይሩ ሁለት ቦታዎች፣ ሁለቱም “ኢምፕሊሲት ካስት” የሚል ስም የተሰጣቸው። አንዱ ዋጋ ላይ ተጭኗል። ሌላው ማባዣው ላይ፣ ቁጥሩ ከተቆረጠ በኋላ። ኮዴን ስንቴ ደጋግሜ ባነበው አላገኛቸውም ነበር፤ ኮዴ ውስጥ የሉማ።

ማስተካከያው አንድ ቃል ነው። ግራም ከመባዛቱ በፊት ወደ አንሳይንድ ሎንግ ይቀየር። ቅጠሉ ሲሰፋ ኮምፓይለሩ ዋጋንም አብሮ ያሰፋዋል፤ ማባዣውም 32 ቢት ይሆናል። ልብ በሉ፣ ቅየራው ከማባዛቱ በኋላ፣ ውጤቱ ላይ ቢጻፍ ምንም አይፈይድም። ኮምፓይለሩ ራሱ ያደረገውን መድገም ነው።

የሚገርመው፣ እዚህኛው ስህተት ላይ ማስጠንቀቂያ አይረዳም። ጂሲሲን፣ ለኡኖ የሚሠራውን ኮምፓይለር፣ ዋና ዋናዎቹን ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ከፍቼ ሞከርኩት። ዝም። 16 ቢትን ወደ 32 ማስፋት ምንም አያጠፋምና በእሱ ዓይን የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። ክላንግ-ታይዲ የሚባለው የኮድ መመርመሪያ ግን ለዚህ ብቻ የተዘጋጀ ሕግ አለው፤ ተባዝቶ ከዚያ የሚሰፋ ነገር ሲያይ ይናገራል።

ሲ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ታሪክ አለው። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ ሲን ሲሠራ የተነሳው ቢ ከሚባል ቋንቋ ነው። ቢ ታይፕ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር አንድ የማሽን ቃል ነበር። ታይፕ ሲጨመርበትም ሂሳቡ ለማሽኑ በሚቀለው ስፋት እንዲሠራ ተደረገ። የኔ ፕሮሰሰር በአንድ ትእዛዝ ማባዛት የሚችለው 8 ቢትን በ8 ቢት ነው። 32 ቢት ለማባዛት ብዙ ትእዛዝ መደርደር አለበት። ኮምፓይለሩ ያን ወጪ እኔ ሳልጠይቅ አያወጣም። ምክንያቱ ይገባኛል። አያ ፊት ቆሜ ግን ይህን ላስረዳቸው አልችልም ነበር።

ባዶው ሳጥን

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በሰላም ሄደ። አያም በአዲሱ ሚዛን ማስመዘን ጀመሩ። ጾሙ ሲገፋ ሳጥን አነሰና አዳዲስ ተገዙ። የድሮው ሳጥን 1,850 ግራም ነው። አዲሱ ሳሳ ያለ ነው፤ 1,790። ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈው ግን 1,850 ነው። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የሳምንቱ ክፍያ ሊደረግ ሲል ገንዘብ ያዧ 65,476 የሚለውን መስመር አየችው። ፍሪጅ ውስጥ የገባው ዓሣና የተመዘገበው አልገጠመም። ልዩነቱ ያው 65 ኪሎ። ከሁሉ የከፋው፣ 17 ቁጥር የሚመዝነው ልጅ አጎት ነው። ፊት ለፊት “ሰረቅክ” ያለው የለም። ግን ቁልፉን ከእጁ ወሰዱት። ሌላ ሰው መመዘን ጀመረ። እሱ ሁለት ቀን ዓሣ ሲያጥብ ዋለ።

ስደርስ ልጁ ከሰው ራቅ አድርጎ ጠራኝ።

“ወንድሜ፣ እኔ ቁጥር አልጻፍኩም። ሳጥኑን አስቀመጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። የጻፈው ሚዛንህ ነው።”

“ዓሣው ሳጥኑ ውስጥ ነበር?”

“መጀመሪያ ስጫን ገና አልተገለበጠም ነበር። ቸኩዬ ነው። ከዚያ ዓሣው ገባ፣ እንደገና ተጫንኩ።”

ወረቀቱን ተቀበልኩት። 65,476። ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ በደንብ ያየ ሰው ዘሩን ይለየዋል። ከ65,536 ጋር በጣም ይቀራረባል። ሲቀናነሱ 60። የድሮውንና የአዲሱን ሳጥን ባዶአቸውን አስመዘንኩ። 1,850 እና 1,790። ልዩነታቸው 60። ለገንዘብ ያዧ እዚያው እስክርቢቶ አንስቼ ጻፍኩላት። ባዶ አዲስ ሳጥን ሲቀመጥ የተጣራው ክብደት ከዜሮ በታች 60 ይሆናል። ሚዛኑ ያን -60 ነው 65 ኪሎ ብሎ ያተመው። አንድ ሳጥን 65 ኪሎ ሊይዝ ቀርቶ ሚዛኑ ራሱ ከ30 አያልፍም። ልጁ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደ ቁልፉ ተመለሰ።

ኮዱ ውስጥ ባዶ ሳጥንን የሚጠብቅ መስመር ነበረኝ። የተጣራው ክብደት ከዝቅተኛው ካነሰ አትመዝግብ፣ ይላል። ዝቅተኛው 20 ግራም ነው። -60 ከ20 ያንሳል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። ኮምፓይለሩ ግን አያንስም አለ።

ምክንያቱ ያው የማባዣው ሕግ ነው። የተጣራው ክብደት ኢንት ነው፤ ዝቅተኛውን ክብደት ግን አንሳይንድ ብዬዋለሁ። ማነጻጸርም እንደ ማባዛት ሁለቱን ወደ አንድ ታይፕ ማምጣት አለበት። ስፋታቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ አንሳይንዱ አሸነፈ። -60 ወደ አንሳይንድ ሲቀየር 65,476 ነው። 65,476 ከ20 ያንሳል? አያንስም። እለፍ ተባለ። ቀጥሎ የክፍያው ፋንክሽን (ሂሳቡን የሚያወጣው የኮዱ ክፍል) ግራሙን የሚቀበለው በአንሳይንድ ነው፤ እዚያም በዝምታ ተቀየረ። በመጀመሪያው ስህተት ያስተካከልኳት ማባዣ ደግሞ አሁን በትክክል ሠራች፦ 65,476 ሲባዛ በ240፣ 15,714 ብር ከ24 ሳንቲም።

ማሽኑ ውስጥ የሆነውን በቅርብ ስታዩት ይበልጥ ይገባል። -60 በ16 ቢት ሲጻፍ 1111 1111 1100 0100 ነው። 65,476 ሲጻፍ? 1111 1111 1100 0100። ያው ነው። አንድም ቢት አልተነካም። ቅየራው አንድም የማሽን ትእዛዝ አልፈጠረም። ታይፕ ኮምፓይለሩ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር ነው፤ ወደ ማሽኑ ሲወርድ የሚቀረው የትኛው ትእዛዝ ይመረጥ የሚለው ብቻ ነው። የኡኖ ፕሮሰሰር “ካነሰ ዝለል” የሚል ትእዛዝ ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ምልክትን ያያል፣ ሌላው አያይም። ኮምፓይለሩ የማያየውን መረጠ። በዚህች ምርጫ ነው አንድ ሰው ሌባ ሊባል የነበረው።

ዝቅተኛውን ክብደት ለምን አንሳይንድ አልኩት? ዝቅተኛ ክብደት ነጌቲቭ አይሆንም ብዬ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን፤ ከዜሮ የማይወርድ ነገር ሁሉ አንሳይንድ ይሁን እንላለን። እኔ አሁን ይህን ልማድ ትቼዋለሁ። የሚቀነስ ወይም ከሚቀነስ ጋር የሚነጻጸር ቁጥር ሁሉ ምልክት ያለው ይሁን እላለሁ። የተጣራውን ክብደት ሎንግ ብዬው ቢሆን እንኳ ይህ አይደርስም ነበር። ኡኖ ላይ ሎንግ 32 ቢት ነው፤ 16 ቢት አንሳይንድን ሙሉ በሙሉ ስለሚይዝ ሕጉ ወደ ሎንግ ይወስዳቸዋል፣ -60ም -60 ሆኖ ይቀራል።

እዚህኛው ላይ ግን ኮምፓይለሩ ነግሮኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ እንዲናገር ብፈቅድለት። በአርዱዊኖ ፕሮግራም መጻፊያ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ምርጫ አለ። ሲጫን “ምንም” ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። “ሁሉም” ላይ አደረግኩትና የድሮውን ኮድ እንደገና ኮምፓይል አደረግኩ። መስመሯ ወጣች። ምልክት ያለውንና ምልክት የሌለውን ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) እያነጻጸርክ ነው ይላል፤ ቀስት አድርጎ የ“ያንሳል” ምልክቷን ያሳያል። ወደ ክፍያው ፋንክሽን ሲገባ የሆነው ቅየራ ግን እዚያም አልታየም። ለእሱ “ሳይን-ኮንቨርዥን” የሚባል ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ስሙን ጠርታችሁ ካልከፈታችሁት “ሁሉም” ውስጥ አይካተትም። ስሙ “ሁሉም” ይሁን እንጂ ሁሉም አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

የቀየርኩት

ዝቅተኛውን ክብደት ወደ ኢንት መለስኩ። ከ30,000 ግራም በላይ የሆነ ማንኛውም ቁጥር እንዳይመዘገብ ከለከልኩ። የሳጥኑን ክብደት ከኮዱ አውጥቼ ባዶ ሳጥን ተቀምጦ በቁልፍ የሚወሰድ አደረግኩት። ለካ አዲሱ ሳጥን ከገባ ጀምሮ በየምዘናው 60 ግራም፣ ማለትም 14 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ከአጥማጁ ይቀር ነበር። የ17 ቁጥሩ 11,320ም እውነተኛው 11,380 ነው። ገንዘብ ያዧ በአዲስ ሳጥን የተመዘኑትን ቀናት ለይታ ለሁሉም ጨመረችላቸው። ይህ ከታይፕ ጋር አይገናኝም፤ ግን በ65 ኪሎው ምክንያት ካልመረመርን አይታወቅም ነበር።

ዋናው ለውጥ ሌላ ነው። የራሴን ታይፕ ሠራሁ። የተጣራ ክብደት አንድ ታይፕ፣ የሚከፈልበት ግራም ሌላ ታይፕ፣ ዋጋ ሌላ። በውስጣቸው ያው 2 ባይት ቁጥር ነው ያለው፤ ሜሞሪው ላይ ምንም አልጨመሩም። ለኮምፓይለሩ ግን አሁን ጤፍና ቅቤ ናቸው። ከተጣራ ክብደት ወደሚከፈልበት ግራም የሚወስድ አንድ በር ብቻ አለ። በሩ ላይ ከ20 በታች የሆነ አያልፍም። በሩን ትቶ በአጥር መግባት የለም፤ እንዲህ ያለ ኮድ ኮምፓይል አይሆንም።

አዳዲሶቹ ቋንቋዎች ይህን ከመጀመሪያው ይዘውት ነው የተነሱት። ጎ እና ረስት በሚባሉት ውስጥ 16 ቢቱን 32 ቢት ላይ ዝም ብለህ ማስቀመጥ አትችልም፤ ቅየራውን ራስህ ጻፍ ትባላለህ። ሁለቱም ስህተቶቼ እዚያ ላይ ቢያንስ ቆም ብዬ እንዳስብ ያደርጉኝ ነበር። ጃቫ ማስፋትን ይፈቅዳል፣ ማጥበብን ግን ያለ ጽሑፍ አይፈቅድም። ጃቫስክሪፕት በሌላው ጫፍ ነው፤ ጽሑፍ የሆነው “5” ላይ 3 ብትደምር “53” ይልሃል፣ ብትቀንስ ግን 2። እኔ መሀሉ ላይ ነኝ። ምንም የማያጠፋ ማስፋት በዝምታ ይሁን። ምልክት የሚያጠፋ ቅየራ ግን በፍጹም በዝምታ መሆን የለበትም። ሲ ውስጥ ይህን መቀየር አልችልም፤ በራሴ ኮድ ውስጥ ግን ቀይሬዋለሁ።

አዲሱን ፕሮግራም ሚዛኑ ላይ ከመጫኔ በፊት የድሮዋን መስመር መልሼ አስገባኋት፤ የተጣራውን ክብደት በቀጥታ ለክፍያው ፋንክሽን የምትሰጠዋን። ኮምፓይለሩ ቆመ። የአባሉን ስም የግራም ቦታ ላይ እንዳስገባሁ ጊዜ፣ አልቀይርም አለ፤ መስመሩንም ጠቆመኝ። አጠፋኋትና ጫንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ጠራሁትና ባዶውን አዲሱን ሳጥን እንዲያስቀምጥ ነገርኩት። የሳጥን ክብደቱን ሆን ብዬ 1,850 ላይ ትቼዋለሁ። የ17 ቁጥርን አስገብቶ ተጫነ። ስክሪኑ “ባዶ” አለ። ማተሚያው ዝም። ቀና ብሎ አየኝና እንደገና ተጫነው። ባዶ። አያ ሳጥናቸውን ተሸክመው ከኋላው ቆመው ነበር። “አንዴ ድገመው እስቲ” አሉት። ደገመው።